መሪው ለምን ይሸነፋል? የአሜሪካን የፓርቲ ቅድመ ምርጫ አስቀድሞ ስለመገመት፣ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም ከጎጃም አንባቢዎቻችን የደረሱንን ጥያቄዎች በአንድ ላይ እንመልሳለን። ሁሉም የሚያጠነጥኑት የአሜሪካ ፓርቲዎች የፕሬዝዳንት ዕጩአቸውን በሚመርጡበት ቅድመ ምርጫ ላይ ነው። ጥያቄው በጊዜው መጥቷል። ሁለት ጊዜ የተመረጠ ሰው እንደገና እንዳይመረጥ የሕገ መንግሥታቸው 22ኛ ማሻሻያ ስለሚከለክል፣ በ2028 ሪፐብሊካኖቹ ከዶናልድ ትራምፕ ሌላ ሰው ማቅረብ ግድ ይሆንባቸዋል፤ ዴሞክራቶቹም በወንበሩ ላይ የተቀመጠ ሰው የላቸውም። በሁለቱም ቤት በሩ ክፍት ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታትና ወራት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የዜግነት ትምህርት አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ «በሕዝብ አስተያየት ጥናት አንደኛ የሆነው ሰው እንዴት ዕጩ ሳይሆን ይቀራል?» እያሉ ያፋጥጡኛል። ምን ብዬ ላስረዳቸው?
*መምህር፣ ከደብረ ማርቆስ*

መልስ፦ አገራዊው ጥናት የሚለካው የሌለ ምርጫ ስለሆነ ነው ይበሏቸው። የአሜሪካ ፓርቲ ዕጩውን የሚመርጥበት አንድ አገራዊ ቀን የለም። ግዛቶቹ ከጃንዋሪ ወይም ከፌብሩዋሪ ጀምሮ እስከ ጁን ድረስ በየተራ ድምፅ ይሰጣሉ። የአንዱ ግዛት ውጤት የቀጣዩን ሕዝብ ሐሳብ ይለውጣል፤ ገንዘብ ያደርቃል ወይም ያጎርፋል፤ ተወዳዳሪ ከሜዳ ያስወጣል። ዘግይቶ የሚመርጠው ሰው ወረፋው ሲደርስ የሚያገኘው የስም ዝርዝር፣ ከወራት በፊት በስልክ የተጠየቀበት ዝርዝር አይደለም።

የኒውዮርክ ከንቲባ የነበሩት ሩዲ ጁሊያኒ በ2007 አብዛኛውን ጊዜ የሪፐብሊካኖቹን አገራዊ ጥናት ይመሩ ነበር። ቀደም ብለው የሚመርጡትን ግዛቶች ለሌሎች ትተው ተስፋቸውን በሙሉ ፍሎሪዳ ላይ ጣሉ። ጃንዋሪ 29 ቀን 2008 ፍሎሪዳ ድምፅ ስትሰጥ ሦስተኛ ሆኑ፤ በማግስቱም ውድድሩን ለቀቁ። በ2003 መጨረሻ ዴሞክራቶቹን ይመሩ የነበሩት ሃዋርድ ዲንም አዮዋ ላይ 18 በመቶ ብቻ አግኝተው ከጆን ኬሪና ከጆን ኤድዋርድስ ኋላ ቀሩ።

ለክፍል ከሁሉ የሚሻለው ምሳሌ ግን የ2020ው ነው። ጆ ባይደን አዮዋ ላይ አራተኛ፣ ኒው ሃምፕሻየር ላይ በ8 በመቶ አምስተኛ ወጡ። ብዙ ሰው ነገሩ አበቃ አለ። ሁለቱ ግዛቶች ግን ድምፅ ሰጪያቸው ከሞላ ጎደል ነጭ ነው፤ የባይደን ድጋፍ ደግሞ የተከማቸው በጥቁር አሜሪካውያን ዘንድ ነበር። እነሱ ከዴሞክራት ድምፅ ሰጪዎች ከግማሽ በላይ የሆኑባት ደቡብ ካሮላይና ፌብሩዋሪ 29 ቀን ተራዋ ሲደርስ ባይደን ግማሽ ያህሉን ድምፅ ጠራርገው ወሰዱ። በሁለት ቀን ውስጥ ፒት ቡቲጄጅና ኤሚ ክሎቡቻር ከውድድሩ ወጥተው ለእሳቸው ድጋፋቸውን ሰጡ። ማርች 3 ቀን፣ ሱፐር ቱዝዴይ በሚባለው ማክሰኞ፣ ድምፅ ከሰጡት 14 ግዛቶች 10ሩን አሸነፉ። ከፌብሩዋሪ 29 እስከ ማርች 3 ሦስት ቀን ብቻ ነው። ስለዚህ ተማሪዎችዎ ከ«ማን ይመራል?» በፊት «ቀጥሎ የሚመርጠው ማን ነው?» ብለው መጠየቅ ይልመዱ።

ጥናት ከንቱ ነው ማለታችን ግን አይደለም። ዶናልድ ትራምፕ ከ2015 ክረምት ጀምሮ በጥናት ይመሩ ነበር፤ ዕጩም ሆኑ። ስሙ በደንብ የታወቀ ሰው በሰፊ ልዩነት ለወራት ሲመራ ከቆየ ያ ትልቅ ምልክት ነው። በ20 ወይም በ25 በመቶ የሚመራ፣ ተፎካካሪዎቹን ሕዝብ ገና የማያውቃቸው ሰው ግን ገና ምኑም አልተያዘ።

ጥያቄ፦ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። የልዑካን አከፋፈሉ ልክ እንደ ቅርጫ ነው፣ ሁሉም በከፈለው ልክ መደቡን ያነሳል፣ የሚሉ አሉ። እውነት ነው?
*ከፍኖተ ሰላም*

መልስ፦ ልዑካን የሚባሉት ለተወዳዳሪዎቹ በየግዛቱ ውጤት የሚከፋፈሉ፣ በፓርቲው ጉባኤ ላይም ዕጩውን በድምፅ የሚመርጡ ሰዎች ናቸው። ቅርጫ ነው ማለት ለዴሞክራቶቹ ግማሽ እውነት ነው፤ ለሪፐብሊካኖቹ ብዙ ጊዜ አይደለም። በግምት ሥራ ላይ ከሁሉ በላይ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ስለሆነ ቀስ ብለን እንየው።

በዴሞክራቶቹ ሕግ 15 በመቶ ያልደረሰ ተወዳዳሪ መደብ አይደርሰውም። 14 በመቶ አምጥቶ ባዶ እጁን ይመለሳል፤ የእሱ ድርሻ መስፈርቱን ላለፉት ይከፋፈላል። ሁለተኛው ነገር አከፋፈሉ በግዛት ደረጃ ብቻ አለመሆኑ ነው። አብዛኞቹ ልዑካን የሚከፋፈሉት በየምርጫ ወረዳው ነው፤ 15 በመቶውም በየወረዳው ለብቻው ይታያል።

7 ልዑካን ያሉትን አንድ ወረዳ እንውሰድ። ሀ 48፣ ለ 30፣ ሐ 14፣ መ 8 በመቶ አገኙ። ሐ እና መ ይወድቃሉ። የቀረው 48 እና 30 ሲደመር 78 ነው። የሀ ድርሻ 48 ሲካፈል ለ78 ሲባዛ በ7፣ 4.31 ይሆናል፤ የለ 2.69። ሙሉ ቁጥሩን ብቻ ስንወስድ 4 እና 2፣ አንድ ልዑክ ይተርፋል። የተረፈው ትልቅ ክፍልፋይ ላለው ይሰጣል፤ ስለዚህ ለ ይወስደዋል። ውጤቱ 4 ለ 3። ሀ በ18 ነጥብ አሸንፎ ያተረፈው አንድ ልዑክ ብቻ ነው።

አሁን 4 ልዑካን ያሉትን ወረዳ ይመልከቱ። ሁለት ሰዎች 60 ለ 40 ቢወጡ ድርሻቸው 2.4 እና 1.6 ነው፤ እኩል ሁለት ሁለት ይካፈላሉ። ሦስተኛውን ልዑክ ለማግኘት 62.5 በመቶ ማለፍ ያስፈልጋል። 3 ልዑካን ባሉት ወረዳ ግን 50.1 በመቶ ያገኘ 2 ለ 1 ያሸንፋል። ጎዶሎ ቁጥር ያለው ወረዳ በጥቂት ድምፅ ልዑክ ይሰጣል፤ ተጋማሽ ቁጥር ያለው ብዙ ተለፍቶበት አቻ ይወጣል። የዘመቻ ሰዎች ገንዘብና ሰዓት የሚመድቡት ይህን አይተው ነው።

የባራክ ኦባማ ዘመቻ በ2008 ሂላሪ ክሊንተንን የበለጠው በዚህ ስሌት ነው። በአንድ ቀን፣ ፌብሩዋሪ 5፣ ክሊንተን ትልቋን ኒው ጀርሲን 59 ለ 48 በሆነ የልዑካን ቁጥር አሸነፉ፤ ትርፋቸው 11። ኦባማ በድምፅ የሚከፋፈሉ 18 ልዑካን ያላትን ትንሿን አይዳሆን 15 ለ 3 ወሰዱ፤ ትርፋቸው 12።

ሪፐብሊካኖቹ ዘንድ ሕጉን በአብዛኛው የሚወስነው ግዛቱ ነው። አንዳንዱ ያካፍላል፤ አንዳንዱ ከ50 በመቶ ያለፈ ካለ ሁሉንም ለእሱ ይሰጣል፤ አንዳንዱ ደግሞ በአንድ ድምፅም ቢሆን የበለጠው ጠቅልሎ ይውሰድ ይላል። በ2016 ደቡብ ካሮላይና ላይ ትራምፕ 32.5፣ ማርኮ ሩቢዮ 22.5፣ ቴድ ክሩዝ 22.3 በመቶ አገኙ። 50ውም ልዑካን ለትራምፕ ሆኑ። ያንኑ ድምፅ በዴሞክራቶቹ ስሌት በግዛት ደረጃ ብናካፍለው 21፣ 15 እና 14 ይመጣ ነበር። ሕዝቡ ያው፣ ድምፁም ያው፤ በሕጉ ልዩነት ብቻ የአንዱ ሰው ትርፍ ከ6 ልዑካን ወደ 50 ይዘላል። ከሁለት ሦስተኛ በላይ የሆነው ድምፅ ለሌሎች መበታተኑ ለትራምፕ በጃቸው። ስለዚህ የሪፐብሊካን ውድድር ሲገምቱ ስንት ተቃዋሚ ሜዳው ላይ እንደቀረ መቁጠር የመሪውን መቶኛ ከመቁጠር አያንስም።

ጥያቄ፦ ለመመረቂያ ጽሑፌ የቅድመ ምርጫ መገመቻ ሞዴል ልሠራ አስቤአለሁ። በኤክሴል ይቻላል? ከየት ልጀምር? የትስ እሳሳታለሁ?
*እኅታችሁ፣ የስታቲስቲክስ ተማሪ፣ ከባሕር ዳር*

መልስ፦ ይቻላል። መጀመሪያ ከጥናት ቁጥር በፊት የግዛቶቹን ሠንጠረዥ ሥሪ። ለእያንዳንዱ ግዛት ቀኑን፣ የልዑካኑን ብዛት፣ የአከፋፈል ሕጉን፣ ምርጫው የድምፅ ሣጥን ወይስ ኮከስ የሚባለው ስብሰባ መሆኑን፣ የፓርቲው አባል ያልሆነ መምረጥ መቻል አለመቻሉን ጻፊ። ይህ ሠንጠረዥ አሰልቺ ነው፤ ግን የሥራሽ ግማሹ እሱ ነው።

ቀጥሎ የጥናቶቹን አማካይ አውጪ። ጥናት እንደ ወተት ነው፤ ሲውል ሲያድር ይበላሻል። ክብደቱ በየ10 ቀኑ በግማሽ እንዲቀንስ አድርጊ። የዛሬው ጥናት ለአንድ ሰው 30፣ የ10 ቀኑ 26፣ የ20 ቀኑ 22 ቢሰጠው ክብደታቸው 1፣ 0.5 እና 0.25 ነው። 30 ሲደመር 13 ሲደመር 5.5፣ 48.5 ይሆናል፤ ለ1.75 ሲካፈል 27.7። ክብደት ሳትሰጪ ብታካፍዪው 26 ይመጣልሽ ነበር። ያልወሰኑትን ቀንሺና የቀረውን ወደ መቶ መልሺ፤ ያንን ካልሠራሽ በ15 በመቶው ዙሪያ ያሉት ሰዎች ያለ አግባብ ይወድቁብሻል።

ከዚያ ስህተት ጨምሪ። ብዙ ተማሪ የሚወድቀው እዚህ ነው። የቅድመ ምርጫ ጥናት ከዋናው ምርጫ ጥናት እጅግ ይስታል፤ በሁለቱ መሪዎች ልዩነት ላይ ያለው አማካይ ስህተት ወደ 9 ነጥብ ይጠጋል። በ2016 ሚሺጋን ላይ ጥናቶቹ ክሊንተንን በ20 ነጥብ ገደማ ሲያስመሩ በርኒ ሳንደርስ አሸንፈዋል። ሁሉም ተወዳዳሪዎች የአንድ ፓርቲ ሰዎች ስለሆኑ መራጩ ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሄድ አጥር መዝለል አያስፈልገውም፤ የመጨረሻዋ ሳምንት ላይ ሐሳቡን ይለውጣል።

ስህተቱን በሁለት ክፈዪው። አንዱ ለሁሉም ግዛቶች የጋራ ነው፤ በ5 ነጥብ መደበኛ ልይይት (ቁጥሮች ከአማካያቸው ምን ያህል እንደሚርቁ በሚያሳየው መለኪያ) ጀምሪ። ሌላው የየግዛቱ የራሱ ነው፤ ለእሱ 6 ያዢ። ሲጣመሩ ወደ 7.8 ይሆናሉ። የጋራውን ስህተት ረስተሽ ለእያንዳንዱ ግዛት ለብቻው ዕጣ ካወጣሽ ስህተቶቹ እርስ በርስ ይጣፋሉ፤ ሞዴሉ ያለ ምክንያት «99 በመቶ እርግጠኛ ነኝ» ይልሻል። እንዲህ ዓይነት ቁጥር ከመጣልሽ በመጀመሪያ የምትመረምሪው ይህንን ነው።

አራተኛው ሥራ ከሁሉ ይከብዳል፤ ሰዎችን ከውድድሩ ማስወጣት። ለመነሻ ያህል በተከታታይ በሁለት ዙር 15 በመቶ ያልደረሰ ይውጣ በዪ፤ ድምፁን ግን ለቀሩት በእኩል አትበትኚው። «ሁለተኛ ምርጫዎ ማን ነው?» የሚል ጥያቄ ያላቸውን ጥናቶች ፈልጊ። በ2020 ከባይደን ደጋፊዎች ብዙዎቹ ሁለተኛ ምርጫቸው ሳንደርስ ነበር። ሁለቱ በአቋም ሩቅ ለሩቅ ናቸው፤ መራጩ ግን ብዙ ጊዜ በስም ማወቅና በመውደድ ነው የሚሄደው። ደግሞም ከውድድር መውጣት ወዲያው ሥራ ላይ አይውልም። ካሊፎርኒያና ኮሎራዶ ላይ ብዙ ሰው በፖስታ ቀድሞ ስለሚመርጥ በ2020 ለቡቲጄጅና ለክሎቡቻር የተላከው ድምፅ ተመልሶ አልመጣም። በሞዴልሽ ውስጥ ከድምፁ የተወሰነው ክፍል ለወጣው ሰው ተቆልፎ ይቅር።

ከዚህ በኋላ ከመጀመሪያው ግዛት እስከ መጨረሻው በተራ እየሄድሽ ድምፁን ወደ ልዑክ ለውጪ፤ ማዞሪያውን 1,000 ጊዜ ድገሚው። አንድ ሰው በ640ው ዙር አብላጫውን ልዑክ ካገኘ ዕድሉ 64 በመቶ ነው በዪ። ዒላማው በ2020 ለዴሞክራቶቹ ከ3,979 ልዑካን 1,991 ነበር፤ በ2024 ለሪፐብሊካኖቹ ከ2,429 ልዑካን 1,215። ማንም ያልደረሰባቸውን ዙሮችም ለብቻቸው ቁጠሪያቸው፤ አማካሪሽ ስለ እነሱ መጠየቃቸው አይቀርም።

ለመፈተን ሞዴሉን እስከ 2012 ባለው መረጃ ሠርተሽ በ2016 እና በ2020 ላይ ሞክሪው፤ የሠራሽበትን መረጃ መልሰሽ መፈተኛ አታድርጊ። የአሁኑ ሥርዓት ከጀመረበት ከ1972 ወዲህ የምር ፉክክር የነበረባቸው ውድድሮች በሁለቱም ፓርቲ ቢደመሩ ሃያ ገደማ ናቸው። በሃያ ምሳሌ አሥር ተለዋዋጭ የያዘ ቀመር መሥራት ያለፈውን ማስታወስ እንጂ መተንበይ አይደለም። ሦስት ወይም አራት ይበቃሻል።

ጥያቄ፦ የእኅቴ ልጅ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ይኖራል። «እዚህ ሁሉም ሰው እገሌን ነው የሚደግፈው፤ አለቀ» ይለኛል። ቦታው ላይ ካለ ሰው በላይ ማን ያውቃል?
*የጤፍ ነጋዴ፣ ከቢቸና*

መልስ፦ እርስዎ ጤፍ ሲገዙ የጆንያውን አፍ ፈትተው ከላይ ያለውን እፍኝ ብቻ አይተው ዋጋ አይቆርጡም። ጎኑን ወግተው፣ ከመሃልና ከታች አውጥተው፣ ማኛው ከሰርገኛ አለመደባለቁን ያረጋግጣሉ። የእኅትዎ ልጅ የሚያየው ከላይ ያለውን እፍኝ ነው። ጎረቤቱ፣ የሥራ ባልደረባው፣ አብሮት የሚያስቀድሰው ሰው በብዙ ነገር እሱን ይመስላል።

ሌላም ነገር አለ። ሜሪላንድ ላይ በቅድመ ምርጫ የሚመርጠው የፓርቲው አባል ሆኖ የተመዘገበ ብቻ ነው፤ ስለዚህ «ሁሉም ሰው» ካለዎት ውስጥ ስንቱ እንደተመዘገበ ይጠይቁት። ግዛቲቱ ወረፋዋም ዘግይቶ ነው የሚደርሰው። በ2024 ሜይ 14 ቀን ድምፅ ስትሰጥ ባይደንም ትራምፕም በቂውን ልዑክ ከያዙ ሁለት ወር አልፏቸው ነበር።

በደንብ የተጠና የ600 ሰው ናሙና ወደ 4 ነጥብ፣ የ1,000 ሰው ወደ 3 ነጥብ ከፍና ዝቅ ሊል ይችላል። ይህ የአንድ ሰው ቁጥር ላይ ነው፤ በሁለት ሰዎች መካከል ያለው ልዩነት ላይ ሲሆን ወደ እጥፍ ይጠጋል። ስለዚህ በ600 ሰው ጥናት 5 ነጥብ መምራት ገና ምንም አይደለም።

ጥያቄ፦ ሕዝቡ መርጦ ሲያበቃ የፓርቲው ሹማምንት ውጤቱን ሊገለብጡት ይችላሉ?
*ከዳንግላ*

መልስ፦ ዱሮ ይችሉ ነበር። በ1968 ሂዩበርት ሃምፍሪ አንድም ቅድመ ምርጫ ሳይወዳደሩ የዴሞክራቶቹ ዕጩ ሆኑ። ያ ያስነሣው ቁጣ ነው ሕጉን አስቀይሮ ምርጫውን በየግዛቱ መራጭ እጅ ያስገባው። ኋላ ላይ ዴሞክራቶቹ ሱፐር ልዑካን የተባሉ፣ በሹመታቸው ድምፅ የሚያገኙ ሰዎች ጨመሩ፤ በ2018 ግን ውጤቱ አስቀድሞ ካልታወቀ በቀር በጉባኤው የመጀመሪያ ዙር ድምፅ እንዳይሰጡ ተወሰነ። ከሁለቱ ትላልቅ ፓርቲዎች አንዱ ዕጩውን በመጀመሪያው ዙር ሳይመርጥ የቀረው ለመጨረሻ ጊዜ በ1952 ነው፤ ዴሞክራቶቹ አድላይ ስቲቨንሰንን በሦስተኛው ዙር መረጡ። ስለዚህ በየአራት ዓመቱ «ዘንድሮስ ጉባኤው ላይ ይለያል» የሚለው ወሬ ሲነሣ በትንሽ ዕድል ይያዙት።

ያሸነፈው ሰው ራሱ ከለቀቀ ግን ሥልጣኑ በእርግጥ ልዑካኑ እጅ ይገባል። ባይደን ጁላይ 21 ቀን 2024 ሲለቁ ልዑካኑ ካማላ ሃሪስን የመረጡት ሌላ ቅድመ ምርጫ ሳይካሄድ ነው። ለግምት ሥራ ይህን መተው አይገባም፤ ዕድሜና ጤና በጥናት ቁጥር ውስጥ አይታዩም።

ጥያቄ፦ ብዙ ገንዘብ ያለው ያሸንፋል ብሎ መገመት ይቻላል?
*ከሞጣ*

መልስ፦ አይቻልም። ማይክል ብሉምበርግ በ2020 ከኪሳቸው ወደ 1 ቢሊዮን ዶላር አወጡ፤ ያሸነፉት አሜሪካን ሳሞአ የተባሉትን ደሴቶች ብቻ ነው። ገንዘብ ሲያልቅ ሰውን ከውድድር ያስወጣል፤ ሲበዛ ግን አያስመርጥም። ስለዚህ የባንክ ሒሳቡን የሚያዩት ማን እንደሚወጣ ለመገመት ይሁን።

ጥያቄ፦ ውጤቱን በቀጥታ መከታተል እፈልጋለሁ። በእኛ ሰዓት ስንት ሰዓት ላይ ልነሣ?
*ከእንጅባራ*

መልስ፦ በብርዳማ ወራታቸው የአሜሪካ ምሥራቅ ዳርቻ ከእኛ በ8 ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል፤ ከማርች ሁለተኛ እሑድ በኋላ ሰዓታቸውን ስለሚያስቀድሙ 7 ይሆናል። የአዮዋ ኮከስ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ይጀምራል። ደቡብ ካሮላይና ሣጥን የምትዘጋው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። በሱፐር ቱዝዴይ ቨርጂኒያ ረቡዕ ከሌሊቱ 9 ሰዓት፣ አብዛኛው ቴክሳስ 10 ሰዓት፣ ካሊፎርኒያ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ይዘጋሉ።

ስለዚህ እስከ 9 ሰዓት ተኝተው ይነሡ። ሣጥኑ በተዘጋ በደቂቃ ውስጥ አሸናፊ ከተነገረ ልዩነቱ ሰፊ ነው፤ ዝም ካሉ ጠባብ ነው። ከዚያ ዓይንዎን ከአሸናፊው ስም ላይ አንሥተው 15 በመቶ ዙሪያ ያሉትን ይመልከቱ። በዴሞክራቶቹ ግዛት ሦስተኛው ሰው 14.6 ላይ ከሆነ ሁለቱ መሪዎች የእሱን ድርሻ ይካፈላሉ፤ 15.1 ከገባ ብዙ ልዑክ ከእጃቸው ይወጣል። ካሊፎርኒያን ግን በዚያ ጠዋት አይመኑ። እስከ ምርጫው ቀን በፖስታ የተላከ ድምፅ በሰባት ቀን ውስጥ እስከ ደረሰ ድረስ ይቆጠራል፤ ቆጠራውም ሳምንታት ይፈጃል። የልዑካኑን ቁጥር በእርሳስ ይጻፉት።